ባዶ ላይ የተጣበቀው የነዳጅ ጌጅ

የጀልባዬ የነዳጅ ጌጅ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሳለ ባዶ ያሳይ ጀመር። ውሃ ላይ ነዳጅ ማለቁ መንገድ ዳር እንደ መቆም አይደለምና ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ የፈተሽኩት ጌጁን ነው። ቁልፉን ከፍቼ በቴስተር ስለካው 12 ቮልት ይደርሰዋል። ከዚያ ከታንኩ የሚመጣውን ሽቦ ነቅዬ፣ ሽቦው የነበረበትን የጌጁን ጫፍ ከኔጌቲቩ ጋር አገናኘሁት። መርፌው ወዲያው ሙሉ ላይ ወጣ። ስለዚህ ጌጁ ጤነኛ ነው። ይህን ሙከራ እባካችሁ ጌጁ ጋ እንጂ ታንኩ ጋ አታድርጉት። የቤንዚን ትነት ባለበት ትንሽ ብልጭታ እንኳ ጀልባውን ያነደዋል።

ቀጥሎ ታንኩ ያለበትን ክፍል በደንብ አናፈስኩና ባትሪውን አጠፋሁ። ታንኩ ላይ ያለውን የሴንደር (የነዳጁን መጠን ለክቶ ለጌጁ የሚያሳውቀው መሣሪያ) ሽቦ ነቅዬ የሴንደሩን ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታበትን መጠን ለካሁ። የእኔ ዓይነቱ ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ገደማ ነው የሚሰጠው። በአውሮፓው ዓይነት ግን ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ነው፤ መርፌውም በተቃራኒው ይሄዳል። የእኔ 105 አነበበ። እሱም ደህና ነው ማለት ነው!

የቀረው የሴንደሩ ኔጌቲቭ ሽቦ ነበር። ከሴንደሩ ክዳን እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ስለካ ምንም ግንኙነት የለም። የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ቆርጬ አዲስ ተርሚናል አሰርኩለት፣ በሙቀት በሚጠብቅ ፕላስቲክም ሸፈንኩት። ቁልፉን ስከፍት መርፌው ግማሽ ላይ ቆመ።

ሴንደር ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ሽቦ እዩ።