ወገብ ሲይዝ፦ ዲስክ ያረጀበት ሰው ምን ያድርግ?

ጠዋት ወገብ ይገትራል፤ ጎንበስ ሲሉና ብዙ ሲቀመጡ ይብሳል፤ ትንሽ ሲራመዱ ይለቃል

ብዙ ጊዜ መነሻው ዲስክ ነው። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። ከዕድሜ ጋር ውሃው ይቀንሳል፣ ይሳሳል። ቀድመው የሚጎዱት የታችኛው ወገብ ሁለቱ ናቸው፤ ሸክሙ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነዋ። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ላይ «ዲስክ አርጅቷል» ተብሎ ቢጻፍ አብሽሩ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ይታያል።

መፍትሄው መተኛት አይደለም። ሕመሙ ቢጠና አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጡንቻው ይላላል። ተራመዱ። ደሴ ላላችሁ፣ ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች መጀመሪያ አካባቢ ሜዳ ሜዳውን ያዙ።

ዋናው ግን የቤት ሥራው ነው። ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እሱን ከመሬት አንስቶ፣ ወገብን ጠምዝዞ ጀርባ ላይ መጫን ለታመመ ዲስክ ከሁሉ የከፋ ነው። በሁለት 10 ሊትር ከፍላችሁ በግራና በቀኝ ያዙ። ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ። ምጣዱም መሬት ላይ ካለ ከፍ ይደረግ፤ እናቶቻችን አጎንብሰው መጋገር አለባቸው ያለ የለም።

ከቂጥ ጀምሮ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም፣ እግር መደንዘዝ፤ ሲያስሉ ይብሳል

ብዙ ጊዜ ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕሬሽን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ፊዚዮቴራፒ ይረዳል። አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ከምግብ በኋላ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ልብ ካመማችሁ፣ እርጉዝም ከሆናችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ወጌሻ ቀስ ብሎ ቢያሽ ችግር የለውም። ጀርባን ማስረገጥና ማስነቅነቅ ግን ይቅር፤ የወጣውን ዲስክ ሊያባብሰው ይችላል።

ሌሊት የማያስተኛ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ መክሳት

ይህን የዲስክ ነው ብላችሁ አትለፉት። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን አጥንቱን ይሰብራል፣ ሽባ ያደርጋል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ በጭንና ጭን መካከል መደንዘዝ፣ እግር መክዳት

ከአከርካሪው ታች ያለው የነርቭ ጥቅል ታንቆ ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ዕለት ኦፕሬሽን ወደሚሠራ ሆስፒታል መድረስ አለባችሁ። ከገጠር ወረዳ ከሆናችሁ ጤና ጣቢያው አምቡላንስ ይጥራላችሁ። ሐኪሙን ስታገኙ ሽንቱ መቼ እንደተቋረጠ አስቀድማችሁ ንገሩት።