ቆርቆሮው ተመለሰ፣ ማፍሰሱ ግን አልቆመም

አውሎ ነፋሱ ከጣሪያችን ሁለት ቆርቆሮ ገነጠለ። በማግስቱ መልሼ መታሁት። ዝናብ ሲመጣ ቤቱ እንደገና አንጠባጠበ! ቀዳዳ ስፈልግ ዋልኩ፤ ምንም የለም። ለካ ጥፋቱ የኔው ነው፦ ምስማሩን የመታሁት ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ነበር። ነቀልኩትና ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ደፈንኩ። ከዚያ ጉብታው ላይ፣ ጎማ ባለው ብሎን አሰርኩት። ብሎን የመረጥኩት ነፋስ ጣሪያን ወደ ላይ ስለሚስብ ነው፤ ልሙጥ ምስማር ቶሎ ይነቀላል። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ስበቱ ስለሚበረታ እዚያ አጠጋግቼ አሰርኩ። የራሰውን ኮርኒስ ግን ቀድጄ ጣልኩት፤ ሻጋታ ጀምሮት ነበር። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ነፋሱ ሲቆም፣ መብራቱም ከቆጣሪው ጠፍቶ ነው። እኔ ሁለተኛውን ረስቼው ነበር፤ እግዜር አወጣኝ።