የጓሮ ባቡር ሪሞት አልሰማ ሲል

ፒያሳ ባለ ጠባብ ጊቢ ውስጥ በሪሞት የሚነዳው ትንሹ ሞዴል ባቡር አጠገባችሁ ሲሆን ይታዘዛል፤ ማድ ቤቱን ሲዞር ይንቀጠቀጣል ወይም ቀጥ ይላል። ሁሉም ሪሞቱን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባቡሩ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የሞተሩን ገመድ ንቀሉ። የፊት መብራቱን በሪሞት እያበራችሁና እያጠፋችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ መታዘዝ ያቆመበት ቦታ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። ቀጥሎ ሞተሩን መልሱና ጎማው አየር ላይ እንዲዞር ባቡሩን ሁለት እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ድገሙት። ርቀቱ አሁን ካጠረ የሚረብሸው የሞተሩ ብልጭታ ነው። በሁለቱም ጊዜ እኩል አጭር ከሆነ አንቴናውን ተመልከቱ።

ብልጭታውን የሚያፍኑት ሦስት የሴራሚክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቹ ትንንሽ ዕቃዎች) ናቸው፤ ከተጣለ ሬዲዮም ይገኛሉ። 104 የተጻፈበትን በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል በየዱ። 473 የተጻፈባቸውን ሁለቱን ደግሞ ከየእግሩ ወደ ሞተሩ ብረት ቀፎ። ቀፎውን አስቀድማችሁ በሞረድ ፋቁት፤ አለዚያ የብየዳው ሊድ ጠብ ብሎ ይወድቃል። የካፓሲተሩን እግር ከአንድ ሴንቲሜትር አታስበልጡ፤ ረጅም እግር ራሱ አንቴና ሆኖ ረብሻውን ይረጫል። የሞተሩን ሁለት ገመዶችም እርስ በርስ ጠምዝዟቸው።

ባቡሩ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል የሚይዘው ተቀባይ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ሲግናሉን የሚይዘው የአንቴናው ጫፍ ላይ የሽቦ መከለያ የሌለው 31 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። እሱን አትቁረጡት፣ አታጣጥፉት፣ ከናስ ወይም ከቆርቆሮ አካል ሥርም አትቅበሩት። ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሁለት አንቴና ካለው አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን አግድም። የድሮው 27 ሜጋኸርዝ ረጅም ሽቦ ደግሞ አይቆረጥም፣ አይጠቀለልም።

ዳገት ላይ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሞቶ የሚነሳ ባቡር ግን የሲግናል ችግር የለበትም። ባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ተቀባዩ ጠፍቶ እየተነሳ ነው። ድንጋዩን ቀይሩ፤ ካልበቃ በተቀባዩ የኃይል መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር ጨምሩ። መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ተገልብጦ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል።

የቀረው አቋቋማችሁ ነው። የቆርቆሮ አጥር ሲግናል አያሳልፍም፤ በክረምት የረጠበ ቅጠልም ይውጠዋል። ሪሞቱን ደረት ላይ ያዙ እንጂ የአንቴናውን ጫፍ ወደ ባቡሩ አትቀስሩ፤ ሲግናሉ በጫፉ አቅጣጫ ነው የሚደክመው።