የቤትዎን ኢንተርኔት ወደ ድርጅት ጥቅል ሲያዛውሩ፦ ከልኬቱ እስከ መጀመሪያው ደረሰኝ

አንድ 300 ሜጋ ባይት የሚሆን የሕንፃ ንድፍ ለደንበኛ ለመላክ 40 ደቂቃ በፈጀብኝ ማግስት ነው የቤታችንን ኢንተርኔት ወደ ድርጅት ጥቅል ለማዛወር የተነሣሁት። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፤ እኔ ሳሎኑ ጥግ ንድፍ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ በጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሰዎችን የሒሳብ መዝገብ ትይዛለች። ያን ጊዜ ችግራችንን «ፍጥነት አንሶናል» ብለን ነበር የሰየምነው። ነገሩን ከጨረስን በኋላ ስመለከተው ግን ካስቸገሩን ነገሮች ገሚሶቹ በየትኛውም ጥቅል የማይፈቱ ነበሩ፤ የቀሩትም ቢሆኑ ከማውረጃው ፍጥነት ጋር እምብዛም አይገናኙም። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ልኬቱ ይቅደም።

ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መስመርዎን ይለኩ። ልኬቱን በዋይፋይ አያድርጉት፤ ላፕቶፑን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝተው፣ የቤተሰቡን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋዩ አስወጥተው ይለኩ። የብሎኬት ግድግዳ በተለይ የ5 ጊጋ ኸርዙን ሞገድ በእጅጉ ስለሚያዳክመው፣ መኝታ ቤት ሆነው ያዩት ዝቅተኛ ቁጥር የግድግዳው እንጂ የመስመሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የሚመዘገቡት ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ የማውረጃው ፍጥነት፣ አፕሎድ የምንለው የመላኪያው ፍጥነትና ፒንግ የሚባለው የምላሽ ጊዜ። እኛ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈን ሰዓቱ ሲደርስ ቤት የተገኘው ሰው ይጽፍበት ነበር። ቁጥሮቹን ሲያነቡ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ጥቅል የሚሸጠው በሜጋ ቢት ሲሆን ፋይል የሚመዘነው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 4 ሜጋ ቢት የተባለ መስመር በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ ተጭበረበርሁ ብሎ የሚያማርር ሰው ጥቂት አይደለም።

ወረቀቱ ሲሞላ የችግሩ መልክ ይገለጣል። ቀን ደኅና ሆኖ ምሽት ላይ የሚወርድ ከሆነ መስመሩን ከሰፈሩ ጋር እየተጋሩት ነው ማለት ነው። ጂፖን በተባለው በሰፊው በተለመደው የፋይበር አሠራር፣ ከጣቢያው የሚወጣው አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ በማከፋፈያ ተከፍሎ ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይዳረሳል፤ ክሩ በጠቅላላው የሚሸከመውም በማውረጃ በኩል 2.5 ጊጋ ቢት፣ በመላኪያ በኩል 1.25 ጊጋ ቢት ያህል ነው። የእርስዎ መስመር ገና በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቤትዎ ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ጥቅል ከመቀየር ይልቅ መጀመሪያ ወደ ፋይበር መሻገር ይሻላል። ሰዓት ሳይለይ ብልጭ ድርግም የሚል መስመር ግን የጥቅል ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ላይ ኬብሉ ተጎድቷል።

የእኛ ወረቀት ከሐይቁ ነፋስ በሚነሣባቸው ከሰዓቶች ሁሉ መስመሩ እንደሚቆራረጥ አሳየን። ባለሙያው መሰላል ተክሎ ሲያይ፣ ከምሰሶው ወደ ቤታችን የሚመጣው ኬብል ከጎረቤት ዘንባባ ጋር እየተፋተገ ልባሱ ተልጧል። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ቁም ሣጥኑን ወደ ግድግዳው ስንገፋው ኬብሉን እንደ ወረቀት አጥፈነዋል። ፋይበር የመስታወት ክር ነው፤ ጠበብ ብሎ ሲታጠፍ ብርሃኑ ከእጥፋቱ ላይ ያፈተልካል። ሣጥኑን አንድ ስንዝር ሳብ አድርገን፣ ትርፉን ኬብል የእንጀራ ሰፌድ በምታክል ሰፊ ክብ ጠቅልለን ብናስቀምጠው፣ ሞደሙ ላይ ስታበራ የነበረችው የመስመር መጥፋት ምልክት የሆነችው ቀይ መብራት ዳግመኛ አልታየችም። ለዚህ ሁሉ የድርጅት ደንበኛ መሆን አላስፈለገንም፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ ማንም ሰው በ994 ደውሎ ብልሽቱን ማስመዝገብ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ችግር እውነተኛው ነበር። የመላኪያ ፍጥነታችን 1 ሜጋ ቢት ገደማ ስለነበር 300 ሜጋ ባይቱ፣ ማለትም 2,400 ሜጋ ቢቱ፣ 2,400 ሰከንድ ፈጀ፤ ያ ነው 40 ደቂቃው። ቤተሰብ ከሚልከው የሚያወርደው ስለሚበዛ የመኖሪያ ቤት ጥቅሎች ብዙ ጊዜ የሚያደሉት ወደ ማውረጃው ነው፤ ከቤቱ ፋይል፣ ሥዕል፣ ቪዲዮ ወይም የስብሰባ ምስል የሚልክ ባለሙያ ግን የሚኖረው በመላኪያው ነው። በዚህ ምክንያት የድርጅት ጥቅል ሲጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ስንት ሜጋ ነው?» ሳይሆን «የመላኪያው ፍጥነት ስንት ነው፣ ከማውረጃውስ ጋር እኩል ነው ወይ?» የሚል ይሁን።

ከመላኪያው ፍጥነት ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቅም ቋሚ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መስመርዎ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት የማይቀያየር ቁጥር ነው። የቆየው የአይፒ አሠራር በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻዎች ብቻ ስላሉት አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የወል አድራሻ ያስተናግዳሉ። ሞደምዎ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ እርስዎም ከነዚያ አንዱ ነዎት። ከውጭ ሆነው ቢሮዎ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ከሆነ፣ ወይም ደንበኛዎ የኮምፒዩተር ሥርዓቱን የሚከፍተው ለታወቀ አድራሻ ብቻ ከሆነ ቋሚ አድራሻ ያስፈልግዎታል። ለጥበቃ ካሜራ ብቻ ብለው ግን አይግዙት፤ ዛሬ በየሱቁ የተሰቀሉት አብዛኞቹ ካሜራዎች በአምራቹ ሰርቨር በኩል ስለሚገናኙ ያለ እርሱም በስልክዎ ይታያሉ።

ሦስተኛው የጥገና ቃል ኪዳን ነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምመዝነው ይህን ነው። ውሉ ላይ የአገልግሎት ዋስትና በመቶኛ ሲጻፍ ቁጥሩ ሁሉ የሚያኮራ ስለሚመስል ወደ ሰዓት ለውጠው ያንብቡት። 99 በመቶ ማለት 30 ቀን ባለው ወር ውስጥ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ቢጠፋም ውሉ አልፈረሰም ማለት ነው፤ 99.5 በመቶ ወደ 3 ሰዓት ተኩል፣ 99.9 በመቶ ደግሞ ወደ 43 ደቂቃ ያወርደዋል። ከቁጥሩ በታች ያሉት መስመሮች ከቁጥሩ ይበልጣሉ፤ የጠፋው ሰዓት የሚቆጠረው ካስመዘገቡበት ጊዜ ጀምሮ ነው ወይስ ከጠፋበት፣ እሑድና በዓል ይቆጠራሉ ወይ፣ ቃሉ ሲፈርስ ከክፍያው ይቀነሳል ወይስ ይቅርታ ብቻ ነው፣ የሚሉትን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

በዚህ መሐል ማንም ጥቅል ሻጭ የማይነግርዎትን ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ሞደሙም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የድርጅትም የመኖሪያም መስመር አንድ ነው። ሞደምና ራውተር አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው ከ12 ዋት የማይበልጥ ኃይል ነው የሚጠቀሙት። አንዲት 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ስለምትይዝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ ሁለቱን ለ3 ሰዓት ያህል ታቆያለች። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ለላፕቶፕዎ ካልዎት ሞደሙንም በዚያው ላይ ይሰኩት። በክረምት፣ የጣና ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ የሞደሙን አዳፕተር ከሶኬት ይንቀሉ፤ መስታወቱ ኤሌክትሪክ ባያስተላልፍም ሶኬቱ ያስተላልፋል፣ ኬብሉን የሚደግፈው የብረት ሽቦም እንዲሁ።

ወደ ወረቀቱ ሥራ እንምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ ብሮድባንድን ለመኖሪያ ቤትና ለድርጅት ለይቶ ስለሚያቀርብ፣ ዝውውሩ ከፍጥነት ለውጥ ይልቅ የደንበኝነት ለውጥ ነው። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባለቤቱ ወይም የሥራ አስኪያጁ መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል፣ ሌላ ሰው የሚልኩ ከሆነም ውክልና ይዘው ይሂዱ፤ የድርጅት ማኅተም ካለዎት ማመልከቻው ላይ ይረፍ። እኛን አንድ ቀን ሙሉ ያመላለሰን ነገር አድራሻ ነው። ፈቃዳችን ላይ የሰፈረው የድሮው የቀበሌ ቁጥር ሲሆን የመስመሩ መዝገብ ላይ ያለው ክፍለ ከተማው ስለነበር ሁለቱ አንድ ቤት መሆናቸውን ማስረዳት ነበረብን። ከመሄድዎ በፊት ስምና አድራሻው በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያመሳክሩ።

ተከራይ ከሆኑ ነገሩ አንድ እርከን ይጨምራል። በብዙ ግቢዎች መስመሩ የተመዘገበው በአከራዩ ስም ስለሆነ፣ ወደ ድርጅትዎ ስም ማዛወር የሚቻለው አከራይዎ ሲፈቅዱ ነው፤ «ጋሼ፣ እባክዎ ይፈርሙልኝ» ማለት ቀላል ቢሆንም ስሙ ከዞረ በኋላ ቤቱን ሲለቁ መስመሩ የማን እንደሚሆን አስቀድመው ካልተስማሙ ግን ኋላ ያጣላል። እኔ ብሆን የአከራዩን መስመር ሳልነካ ለድርጅቴ አዲስ መስመር አስገባለሁ።

በአገልግሎት ማዕከሉ መስኮት ላይ ሲቀመጡ የሚጠይቁት ዋናው ነገር ሥራው በነባሩ መስመር ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው ወይስ አዲስ ምዝገባ የሚለው ነው። ነባሩ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሞደሙ ሳይቀየር ከጣቢያው በኩል ቅንብሩ ብቻ ይለወጣል፤ አዲስ ከሆነ ኬብል ይሳባል፣ ሞደም ይመጣል፣ የቆየውም በተለይ መዘጋት አለበት። ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ቀድመው ይክፈሉ። ታሪፉ ስለሚለዋወጥ የዕለቱን ዋጋ የተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 በመቶ አካትተው ያስሉት፤ የቋሚ አድራሻው ክፍያ በጥቅሉ ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ያጣሩ።

የቆየውን መስመር አዲሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይሠራ አይዝጉት። የአንድ ወር ድርብ ክፍያ፣ ሥራ ባለበት ቀን ያለ መስመር ከመቅረት ይረክሳል። ባለሙያው ሲመጣ ቤት ይገኙ፤ ኬብሉ በየት እንደሚገባ የሚወስኑት እርስዎ ይሁኑ፣ ከበር ማጠፊያና ከቁም ሣጥን ጀርባም ያርቁት። ከመሄዱ በፊት ላፕቶፑን በኬብል ሰክተው ማውረጃውንም መላኪያውንም ፊቱ ይለኩ። ከዚያ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል እንደ ድሮው ቢያደርጉት በቤቱ ያለውን ማተሚያና ስልክ ሁሉ እንደ አዲስ ከማስገባት ይድናሉ። የሞደሙን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ግን መቀየር ግድ ነው፤ ቋሚ አድራሻ ያለውን ቤት ከውጭ የሚያንኳኳ ሁሉ አድራሻው አይጠፋውምና።

መጠባበቂያን በሚመለከት፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከመደበኛው መስመር የተለየ ኩባንያ ሲም በአንድ ትንሽ የ4ጂ ራውተር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ለተበጠሰ ኬብል መፍትሔ ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሲም ብቻውን መጠባበቂያ ነው አይልም። እኔ አስቸኳይ ንድፎችን ከማስረከቢያው ቀን አንድ ቀን ቀድሜ መላክ የለመድሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ደረሰኝ ሲመጣ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በትክክል መስፈራቸውን ያረጋግጡ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ የኢንተርኔት ወጪውን የሚያስይዘው፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበም የከፈለውን ታክስ የሚያቀናንሰው በዚህ ደረሰኝ ስለሆነ፣ በግል ስምዎ የወጣ ደረሰኝ ይዘው ሒሳብ ሠራተኛዎ ዘንድ መሄድ ጭቅጭቅ ነው፤ የእኔ ሒሳብ ሠራተኛ ባለቤቴ ስለሆነች ጭቅጭቁ እራት ላይ ይሆን ነበር። የቆየው መስመር መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት ይቀበሉ፣ የመለሱትን ሞደም መለያ ቁጥርም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። እኛ ቤት የማቀዝቀዣው ወረቀት እስካሁን አልተነሣም፤ አዲሱ መስመር በገባ ማግስት ያንኑ 300 ሜጋ ባይት ንድፍ እንደገና ብልከው 8 ደቂቃ ፈጀ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የማውረጃ ፍጥነታችን ግን ከቀድሞው ብዙም አልራቀም።