የጫካ ልብስና ስለት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

የምሳሩ ብረት ዛቢያው ላይ ይወዛወዛል

የተለመደው ዘዴ ማታ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ጠዋት ጥብቅ ብሎ ይገኛል፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ግን ከትናንቱ ብሶ ይላላል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱ ቦታ አይለቅለትም፤ ጅማቱ ይጨፈለቅና ሲደርቅ ከበፊቱ ቀጥኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ጥፋት ግን ዛቢያው በእርጥቡ መግባቱ ነው።

ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ፣ ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ እንጨት ይመረጥ። ባህር ዛፍ በየቦታው ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ቀለም ቀብቶ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ወራት ማድረቅ ነው፤ ካልተቀባ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ ብረቱ የሚገባበትን ጫፍ በመጋዝ የብረቱን ቀዳዳ ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ሰንጥቁት። ብረቱን ካስገባችሁ በኋላ ምሳሩን ራሱን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ ያዙና የዛቢያውን ግርጌ ከላይ በእንጨት መዶሻ ምቱ፤ ብረቱ በክብደቱ ባለበት ሲቀር ዛቢያው ወደ ውስጥ ይገባል። 3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቅ ሲል በደረቅ እንጨት ሽብልቅ ወጥሩት። ሚስማርና ጨርቅ የአንድ ቀን መላ ናቸው።

በመጨረሻ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብታችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጉ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት። (ስሜን ፓርክ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ስለማይፈቀድ እዚያ የሚያስፈልገው ምሳር ሳይሆን የጋዝ ምድጃ ነው።)

ቢላዋው በተሳለ ማግስት ይደንዛል

ስለቱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካለ በሞረድ ማሽን ተቃጥሏል፤ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል። ሰማያዊው እስኪያልቅ በእጅ፣ ውሃ እያርከፈከፉ በድንጋይ መሳል ነው። ቀለሙ ደህና ከሆነ ችግሩ ማዕዘኑ ነው፤ ለጫካ ሥራ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። መለኪያ ባይኖር፣ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነን ቢላዋ ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መያዝ ያንኑ ይሰጣል። አንጥረኛ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው በደንብ ከተሳለ ብዙ ይቆያል፤ ግን ይዝጋል። ቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ቤት ሲገባ ቢላዋው ወጥቶ ይቀመጥ። የኑግ ዘይት አትቀቡት፣ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል።

የዝናብ ጃኬቱ ውስጡ ይርሳል

ላዩ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት። እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ጃኬቱ ጤነኛ ነው፤ ያራሳችሁ የራሳችሁ ላብ ነው፣ ከሥር የለበሳችሁትን ቀንሱ። ጨርቁ ውሃውን ከጠጣ ቆሻሻና የሳሙና ቅሪት ይዞታል። በለብታ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ሁለት ሦስቴ አለቅልቁት፤ ማለስለሻ አይግባበት። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ አድርጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱት። የልብሱ ምልክት መተኮስ ከከለከለ ተዉት። ሳልቫጅ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ፤ ውስጡ ከተላጠ ወይም ከተጣበቀ መድኃኒት የለውም።

ጋቢ ለብሶም ይበርዳል

ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ሌሊቱን አይደርቅም። ለመኝታ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። በጉዞ ላይ የሱፍ ሹራብ ወይም በርኖስ ይሻላል፤ ሱፍ ረጥቦም ሙቀት ይይዛል።

የጫማው ሶል ይላቀቃል

ሶሉ እንዳለ ከተነሳ ማጣበቂያው ነው የለቀቀው፤ ጫማ ሰፊ ዙሪያውን ይሰፋዋል። ሶሉና ቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ ግን በዕድሜና በእርጥበት በስብሷል፤ ሙጫ የሚይዘው ነገር የለም። ሳይለበስ ሳጥን ውስጥ ዓመታት የቆየ ጫማ ላይም ይህ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት አድርጋችሁ ሞክሩት። የረጠበ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥ፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩት። መንገድ ላይ ከተላቀቀ ሶሉን ከሥር አዙራችሁ በሲባጎ ሁለት ቦታ እሰሩት፤ አንዱ ከጣቶቹ ኋላ፣ አንዱ ከተረከዙ ፊት። ድንጋይ ስለሚበጥሰው ትርፍ ሲባጎ ያዙ።