ፋይናንሻል ኤይድ ሲታገድ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የሴሚስተሩ ውጤት በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከኮሌጁ ኢሜይል ይመጣል፤ መስፈርቱን ስላላሟላችሁ ፋይናንሻል ኤይዳችሁ፣ ማለትም የትምህርት ክፍያ ድጋፋችሁ፣ ታግዷል ይላል። ይህን ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፋፍሳውን፣ ኤይድ የጠየቀበትን ማመልከቻ፣ ነው። ፎርሙን ከፍቶ ገቢውን፣ የቤተሰቡን ቁጥርና ፊርማውን ያገላብጣል። ፋፍሳው ግን ብዙ ጊዜ ምንም የለበትም፤ ችግሩ ያለው ትራንስክሪፕቱ፣ የኮርስና የውጤት መዝገቡ፣ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ)፣ የፌዴራል ሎን (ብድር) ወይም ወርክ ስተዲ (እየሠሩ የሚገኝ ክፍያ) የሚወስድ ተማሪ ትምህርቱን በአግባቡ እየገፋ መሆኑን ኮሌጁ በየጊዜው እንዲመረምር ሕጉ ያስገድደዋል። በተማሪው አፍ «ሳፕ» (ሳቲስፋክተሪ አካዴሚክ ፕሮግረስ) የሚባለው ይሄ ነው። የሚታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንዱ ጂፒኤ፣ አማካይ ውጤቱ፣ ነው፤ አብዛኛው ኮሌጅ 2.0 ይጠይቃል፣ ለጀማሪዎች ዝቅ የሚያደርጉም አሉ። ሌላው ፍጥነት ነው፤ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት ውስጥ ምን ያህሉን አለፋችሁ የሚለው። የተለመደው ወለል 67 በመቶ ነው። ሦስተኛው ጣሪያው ነው፤ ዲግሪው ከሚፈልገው ክሬዲት 150 በመቶ በላይ በመንግሥት ገንዘብ መማር አይቻልም። ለ60 ክሬዲት አሶሺዬት (የሁለት ዓመት ዲግሪ) 90፣ ለ120 ክሬዲት ባችለር 180 መሆኑ ነው። 67 የሚለው ቁጥርም የመጣው ከዚሁ ነው፤ 100ን ለ150 አካፍሉት።

ቢሮ ሄዳችሁ ከመሰለፋችሁ በፊት ፖርታሉን ክፈቱና በየትኛው እንደወደቃችሁ እዩ። ይሄን ሳያውቁ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ጂፒኤያቸው ደህና ሆኖ ሳለ ስለ ጂፒኤያቸው ሁለት ገጽ ይቅርታ ይጠይቃሉ።

«ጂፒኤዬ 3.2 ነው፣ ለምን ታገድኩ?»

ከሐበሻ ተማሪዎች በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። መልሱም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ «ደብልዩ»፣ ኮርስ ሲተው ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፈው ምልክት።

ምክሩ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል፤ «ከበደህ ዊዝድሮው አድርገው፣ ጂፒኤ አይነካም»። እውነት ነው፣ ጂፒኤ አይነካም። ፍጥነትን ግን ይነካል። ደብልዩ የተጻፈበት ኮርስ እንደተሞከረ ይቆጠራል፣ እንዳለፈ ግን አይቆጠርም። ኤፍም እንደዚያው። ኢንኮምፕሊትም (ያልተጠናቀቀ ኮርስ) ውጤቱ እስኪገባ ድረስ እንደዚያው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የአድ ድሮፕ ጊዜው (ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት) ሳያልፍ ድሮፕ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም፣ ለሳፕም አይቆጠርም። ሁለቱን የሚለያቸው ቀኑ ብቻ ነው፤ ቀኑ ደግሞ የኮሌጁ የትምህርት ካላንደር ላይ ተጽፏል።

በቁጥር እንየው። ማታ ማታ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ፣ ነርሲንግ ለመግባት ቅድመ ኮርስ የምትወስድ ተማሪ አለች እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር 12 ክሬዲት ተመዝግባ አናቶሚውን ተወችው፤ 4 ክሬዲት ሄደ። በሁለተኛው እንደገና 12 ተመዝግባ አናቶሚውንም ኬሚስትሪውንም ተወች፤ 8 ሄደ። በሦስተኛው 9 ወስዳ ሁሉንም አለፈች። የተመዘገበችው 33፣ ያለፈችው 21። 21 ለ33 ሲካፈል 63.6 በመቶ ይሆናል። ያለፈቻቸው ኮርሶች ሁሉ ኤ እና ቢ ናቸው፤ ጂፒኤዋ ያምራል፣ ኤይዱ ግን ታግዷል።

የእሷ ችግር ቀላል ነው። 6 ክሬዲት ብቻ፣ ሁለት ኮርስ፣ ወስዳ ሁለቱንም ብታልፍ 27 ለ39 ትሆናለች፤ 69.2 በመቶ። እዚህ ላይ ስህተቱ «ልካስ» ብሎ 15 ክሬዲት መመዝገብ ነው። ሥራው አልቀነሰም፣ ሌሊቱም አልረዘመም፤ ከ15ቱ ሁለት ኮርስ ደብልዩ ከሆነ ፍጥነቱ ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አይልም። ትንሽ ወስዶ ሁሉንም ማለፍ ይሻላል።

ጉድጓዱ ጠለቅ ሲል ግን ሒሳቡ ይከፋል። ከ24 ክሬዲት 9 ብቻ ያለፈ ሰው 37.5 በመቶ ላይ ነው ያለው። ወደ 67 ለመድረስ ምንም ሳይወድቅ 22 ክሬዲት ማለፍ አለበት። በአንድ ሴሚስተር የሚሆን አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ይግባኝ ሲጽፍ «በሚቀጥለው ሴሚስተር አስተካክላለሁ» ቢል ቢሮው ራሱ ሒሳቡን ሠርቶ አይቻልም ይለዋል። መጠየቅ ያለበት በአድቫይዘር የተዘጋጀ የበርካታ ሴሚስተር አካዴሚክ ፕላን ነው።

በዚሁ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ኮርስ ስትደግሙ ብዙ ኮሌጆች በጂፒኤው ላይ የድሮውን ውጤት በአዲሱ ይተካሉ፤ ለፍጥነት ግን ሁለቱም ሙከራ ይቆጠራል። እንዲሁም ከኪሳችሁ የከፈላችሁበት ሴሚስተር «ኤይድ ስላልወሰድኩበት አይታይም» የሚባል ነገር የለም፤ ይታያል።

ገንዘቡ መጥቷል፣ «ዋርኒንግ» የሚል ግን አለ

ይሄ ገና እገዳ አይደለም። በየሴሚስተሩ የሚመረምሩ ኮሌጆች መጀመሪያ ጊዜ ለወደቀ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላሉ፤ በዚያ ሴሚስተር ኤይዱ ይቀጥላል፣ ይግባኝም አያስፈልግም። በዓመት አንዴ የሚመረምሩት ግን ማስጠንቀቂያ መስጠት አይፈቀድላቸውም፤ እዚያ ቀጥታ ወደ እገዳ ነው። ዋርኒንግ ላይ ያላችሁ ከሆነ ከላይ ያለውን ሒሳብ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ሥሩት። ኢሜይሉን ሳይከፍቱ የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ ገንዘቡ ስለገባ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ጂፒኤው ከ2.0 በታች ሲሆን

መንስኤው ግልጽ ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። የሚጠቅመው ስንት እንደሚያስፈልጋችሁ ማወቅ ነው። በ24 ክሬዲት 1.6 ያለው ተማሪ 12 ክሬዲት ጨምሮ 2.0 ለመድረስ በእነዚያ 12 ክሬዲቶች 2.8 ማምጣት አለበት፤ ሲ ብቻ መደርደር አይበቃም። ከዚህ አጭሩ መንገድ ኤፍ ያለበትን ኮርስ መድገም ነው፣ ኮሌጁ ውጤት የሚተካ ከሆነ። የወደቃችሁትን ስትደግሙ ኤይድ ይከፍላል። ያለፋችሁትን ለማሻሻል ስትደግሙ ግን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዲ ያለፋችሁትን ኮርስ ሦስተኛ ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ ያ ኮርስ ለኤይድ ስሌት አይገባም፤ ፉል ታይም የመሰላችሁት ሴሚስተር ፓርት ታይም ሆኖ ሊያገኛችሁ ይችላል።

«ሁሉንም አልፌያለሁ፣ ክሬዲት በዛብህ አሉኝ»

ይሄ ጣሪያው ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ብሎ የመጡ ተማሪዎችን ያጠቃል። አካውንቲንግ ጀምሮ ወደ አይቲ፣ ከአይቲ ወደ ነርሲንግ የዞረ ሰው የድሮዎቹን ክሬዲቶች ተሸክሟቸው ይሄዳል። ከሌላ ኮሌጅ የተዛወሩ ክሬዲቶችም ተቀባይነት ካገኙ እንደተሞከሩም እንዳለፉም ተቆጥረው ይገባሉ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ትራንስክሪፕቱን አስገምግሞ 40 ክሬዲት ቢቀበሉለት ፍጥነቱ ይሻሻላል፣ ከጣሪያው ላይ ግን 40 ተቀንሷል። ለያዛችሁት ዲግሪ የሚቆጠር ከሆነ ትርፍ ነው፤ የማይቆጠር ከሆነ ሸክም ነው። ሬጅስትራሩ ለፕሮግራማችሁ የሚያገለግለውን ብቻ እንዲቀበል ጠይቁ።

እገዳው ደግሞ በአሶሺዬት 90ኛው ክሬዲት ላይ እስክትደርሱ አይጠብቅም። በቀረው ክሬዲት በጣሪያው ውስጥ መጨረስ እንደማይቻል በሒሳብ ከተረጋገጠበት ሴሚስተር ይጀምራል። 70 ክሬዲት ሞክራችሁ ዲግሪው ገና 25 የሚፈልግ ከሆነ ድምሩ 95 ነው፤ ዛሬውኑ አልፋችኋል።

መፍትሄው ኮሌጁ ሜጀር (የትምህርት ዘርፍ) ለቀየሩ ተማሪዎች ለአዲሱ ሜጀር የሚያገለግሉትን ክሬዲቶች ብቻ የሚቆጥር መሆኑን መጠየቅ ነው፤ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ ግን ሁሉም አያደርጉትም። ካልሆነ የቀሩትን ኮርሶች በሴሚስተር በሴሚስተር ዘርዝሮ የምረቃ ቀን የሚያሳይ ፕላን ከይግባኙ ጋር ማያያዝ። የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) ኮርሶችን በስሌቱ የሚያስገቡም የሚያስወጡም ኮሌጆች አሉ፤ ብዙ ኢኤስኤል የወሰዳችሁ ይህን ለይታችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ጉዳይ አለ። አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል ግራንት አይፈቀድለትም፤ ዲግሪው ከየትም ይምጣ። ይሄ ሳፕ አይደለም፣ ይግባኝም አያስተካክለውም። ለሎን ግን ብቁ መሆን ይችላል።

ይግባኙ ተመለሰ

ሕጉ ለይግባኝ ምክንያት አድርጎ የሚጠቅሰው የዘመድ ሞትን፣ የተማሪውን ሕመም ወይም ጉዳትና ሌላ ልዩ ሁኔታን ነው። ደብዳቤው ሁለት ነገር መመለስ አለበት፦ ለምን ወደቃችሁ፣ አሁንስ ምን ተለወጠ? ከሚመለሱት ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ገጽ ጽፈው ሁለተኛውን «ከእንግዲህ ጠንክሬ እማራለሁ» በሚል አንድ መስመር የሚዘጉ ናቸው። ጠንክሬ እማራለሁ ለውጥ አይደለም፤ ቃል መግባት ነው።

በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«በኦክቶበር ያሳደገችኝ አክስቴ ጎንደር ውስጥ አረፈች። ወላጆቼ በልጅነቴ ስለሞቱ እናቴ እሷ ነበረች። ለለቅሶ ሄጄ አራት ሳምንት ከክፍል ቀረሁ፤ ስመለስ ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ላይ መድረስ ስላልቻልኩ ሁለቱንም ተውኩ። የሞት የምስክር ወረቀቱ ከነትርጉሙና የጉዞ ቲኬቴ ተያይዘዋል። አሁን የሥራ ሰዓቴን በሳምንት ከ40 ወደ 24 አውርጃለሁ፤ የአሠሪዬ ደብዳቤ ተያይዟል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ እወስዳለሁ፤ ከአድቫይዘሬ ጋር ያወጣነው ዕቅድም አብሮ አለ።»

«ያሳደገችኝ» የሚለውን ቃል እንዳትዘሉት። እኛ ዘንድ አክስት መሞቷ ለምን አንድ ወር እንዳስቀረ ማንም አይጠይቅም፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ግን አክስቱን በዓመት አንዴ የሚያገኛት ሊሆን ይችላል። ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክ ያመጣውን ጫናም እንዲሁ በደፈናው «የቤተሰብ ችግር» አትበሉት፤ ማን እንደታመመ፣ ስንት ተጨማሪ ሽፍት እንደያዛችሁና ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉ። ወረቀት የሌለው ነገር ሲሆን ጉዳዩን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አገልጋይም ቢሆን፣ የሚጽፈውን ደብዳቤ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ይግባኙ ከተፈቀደ ለአንድ ሴሚስተር «ፕሮቤሽን» (ኤይዱ እየቀጠለ የሙከራ ጊዜ) ላይ ትሆናላችሁ ወይም ፕላን ይሰጣችኋል። ፕላኑ ደብልዩ አይፈቀድም ካለ አንዲት ደብልዩ ሁሉንም ታፈርሳለች። ካልተፈቀደ የኮሌጁ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ገብቶ አይሽረውም። ለዋሽንግተን አቤቱታ በመጻፍ ጊዜ አታጥፉ።

«አንድ ዓመት አርፌ ተመለስኩ፣ አሁንም ዝግ ነው»

ማረፍ ቁጥሩን አይለውጠውም። 63.6 በመቶ ሆኖ የወጣ ሰው 63.6 በመቶ ሆኖ ይመለሳል። ያለው ምርጫ ይግባኝ ማለት ወይም ቁጥሩ እስኪስተካከል በራስ ገንዘብ መማር ነው። ሁለተኛውን ለመረጠ ከላይ ያለችው ተማሪ 6 ክሬዲት ብቻ እንደሚያስፈልጋት አስታውሱ፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ በክፍያ ፕላን የሚቻል ነው። ቁጥሩ ሲስተካከል ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ እንደገና እንዲመረምሩላችሁ ቢሮውን ጠይቁ። ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር አንዳንዴ ይሠራል፤ አዲሱ ኮሌጅ በራሱ መስፈርት የተቀበለውን ክሬዲት ብቻ ይቆጥራል። የድሮው ኮሌጅ ዕዳ ካለባችሁ ግን ትራንስክሪፕት ሊይዝባችሁ ይችላል።

ትምህርት ካቆሙ በኋላ ቢል ሲመጣ

ይሄ ከሳፕ የተለየ ሕግ ነው፤ ግን ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ ይምታታሉ። ከሁሉም ኮርስ የወጣ ተማሪ ኤይዱን የሚያገኘው በተማረው ቀን ልክ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በላይ ከተማረ ሙሉውን ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ በፊት ከወጣ ያልተማረበት ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል፣ ኮሌጁም የጎደለውን ከእናንተ ይጠይቃል። ስለዚህ የመውጣት ሐሳብ ካላችሁ 60 በመቶው በየትኛው ቀን እንደሚሞላ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቃችሁ ወስኑ።

ሳይናገሩ መጥፋት ከዚህም የባሰ ነው። ሁሉም ኮርስ ኤፍ ከሆነ ኮሌጁ መማር አቁማችኋል ብሎ ሊገምትና ግማሽ ሴሚስተር ብቻ እንደተማራችሁ ቆጥሮ ሊያስከፍል ይችላል። እስከ መጨረሻው ተምራችሁ የወደቃችሁ ከሆነ ግን ይሄ ሊስተካከል ይችላል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያስገባችሁትን አሳይመንት ወይም የተፈተናችሁትን ፈተና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ከኦንላይን ክፍሉ ገጽ ላይ አንሱና ለመምህሩ ላኩ፤ መምህሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኛችሁበትን ቀን ለሬጅስትራር ሲያረጋግጥ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።