የፈረንሳዩን «3615 ኮድ ፔር ኖኤል» ስታዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዐይኑ የደከመ አያት፣ ግንብ የሚያህል ቤት፣ የገና ዋዜማ ሌሊትና በጭስ ማውጫ የሚገባ ቀይ የለበሰ ሰው። ሬኔ ማንዞር ጽፎ ያዘጋጀው «3615 ኮድ ፔር ኖኤል» («ፔር ኖኤል» በፈረንሳይኛ የገና አባት ማለት ነው) ታሪኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች የታየው በ1990 መጀመሪያ ላይ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከአገሩ ውጭ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር፤ በ2018 ታድሶ አሜሪካ ውስጥ ከታየ ወዲህ ግን የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ገና በመጣ ቁጥር ስሙን ያነሱታል። ችግሩ ሌላ ፊልም የሚያስመስለው ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየውም ያንን ሌላውን ፊልም ነው።

«የገና ፊልም ነው» ብሎ ልጆችን መሰብሰብ

ፖስተሩ ላይ የገና አባት አለ፤ ቤቱ በጌጥና በመብራት አሸብርቋል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይም ልጅ ነው። ወላጅ ይህን አይቶ ልጆቹን ሶፋ ላይ ቢደረድር አይፈረድበትም። አሻንጉሊት፣ ውሻ፣ በረዶ፣ ቀልደኛ አያት፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደስ ይላል። ከዚያ ሰውየው በጭስ ማውጫው ይወርዳል። ቶማስ የገና አባትን በዓይኑ ለማየት ተደብቆ ሲጠብቅ ነበርና አፉን ከፍቶ ያየዋል። ውሻው ጄ አር ግን እንግዳውን አላመነውም፤ ይዘልበታል፤ ሰውየውም ልጁ እያየ ውሻውን በቢላ ይገድለዋል።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ የፊልሙን ምሥጢር ለማበላሸት አይደለም፤ ወላጅ ሳያውቅ ሊገባበት የማይገባ ነገር ስለሆነ ነው። በተለይ አውሮፓና አሜሪካ የሚያድጉ፣ የገና አባትን የምር የሚጠብቁ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እዩት። ፊልሙ ውስጥ ደም ብዙ አይፈስም፤ ሕፃን ልጅን የሚጎዳው ግን ደሙ አይደለም። አንድ ልጅ በጣም ያመነው ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠላቱ ሲሆን ማየት ነው።

«የሆም አሎን ኮፒ ነው» ማለት

«ሆም አሎን» የተባለውን አስቂኝ የአሜሪካ ፊልም አስታውሶ ይህን አስተያየት የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ባለጠጋ ቤት፣ በገና ሰሞን ከወላጅ የተለየ ልጅ፣ ሰርጎ የሚገባ ጠላት፣ በልጅ እጅ የተሠሩ ወጥመዶች፤ መመሳሰሉን መካድ አይቻልም። የጊዜው ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሽ ነው። የማንዞር ፊልም ፓሪስ ውስጥ የታየው በ1990 ጃንዋሪ ሲሆን «ሆም አሎን» አሜሪካ ውስጥ የወጣው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። እንዲያውም «ፊልሜን ነው መልሰው የሠሩት» ብሎ ክስ እመሠርታለሁ ያለው ማንዞር ነበር። እኔ በዚህ ክርክር ማንንም ሌባ አልልም፤ ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረ ልጅ ሁለት ሰው ለየብቻው ሊያስበው የሚችል ሐሳብ ነው።

ከማን ቀደመ ከሚለው ይልቅ ልዩነቱ ላይ ብንቆይ ይሻላል። በአሜሪካኑ ፊልም ሌቦቹ የሚመጡት ለንብረት ነው፤ ልጁ እንቅፋት ሆነባቸው እንጂ ከእሱ ጉዳይ የላቸውም። ፊታቸው ላይ ካውያ ያርፋል፣ ጭንቅላታቸው ይቃጠላል፣ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ እኛም እንስቃለን። በፈረንሳዩ ፊልም ሰውየው ከቤቱ የሚፈልገው ዕቃ የለም። የሚፈልገው ልጁን ነው። የሚመታም ሰው ይታመማል፤ የሞተም ሰው ሞተ ነው። ስለዚህ «መቼ ነው የሚያስቀው?» እያሉ የሚጠብቁ ሰዎች አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሆነውን ፊልም ሲጠብቁ ይጨርሱታል።

ሚኒቴሉን እንደ አሮጌ ዕቃ ማለፍ

ርእሱ ውስጥ ያለው 3615 ለዛሬ ተመልካች ትርጉም የለሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ለፈረንሳውያን ግን የአንድ ዘመን ስም ነው። ሚኒቴል ትንሽ ስክሪንና የፊደል ሰሌዳ ያለው፣ ከቤት ስልክ መስመር ጋር የሚገናኝ ማሽን ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአገሪቱ የስልክ መሥሪያ ቤት ለደንበኞች ያለ ክፍያ ያድለው ነበር፤ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በ2012 ጁን መጨረሻ ላይ ነው። ሰው 3615 ደውሎ፣ የሚፈልገውን አገልግሎት ስም ጽፎ ይገባል፤ ባቡር ቲኬት ይቆርጣል፣ የአየር ሁኔታ ይጠይቃል፣ ወይም ስሙን ሳይናገር ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። ሒሳቡ በቆየበት ደቂቃ ተቆጥሮ ከስልክ ክፍያው ጋር ይመጣል። ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ ዓመታት በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ቻት ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ቶማስ የገና አባትን ለማግኘት በሚኒቴሉ ይጽፋል። መንገድ ዳር ባለ የሕዝብ ሚኒቴል ላይ የቆመው ሰው ደግሞ የገና አባት ነኝ ብሎ ይመልስለታል። ልጁ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ በሩ ተቆልፎ፤ እንግዳው ግን ከእሱ ጋር እያወራ ነው። ይህ ትዕይንት ሲሠራ ስማርት ስልክ ያለው ልጅ በዓለም ላይ አልነበረም። ብዙ ተመልካች «ያ አሮጌ ኮምፒውተር» ብሎ የሚያልፈው ይህ ቦታ በእኔ ግምት ፊልሙ ውስጥ በጊዜ ብዛት ያላረጀው ብቸኛው ነገር ነው። ፀጉሩ፣ ልብሱ፣ ሙዚቃው ሁሉ 1980ዎቹ ውስጥ ቀርቷል።

እዚሁ ላይ ሌላም ስህተት አለ። ፊልሙን ካዩ ቆየት ያሉ ሰዎች «ሰውየው አድራሻውን በሚኒቴል አውጥቶ ነው ልጁ ጋ የደረሰው» ብለው ሲተርኩት ይሰማል። አይደለም። ሰውየው የቶማስ እናት በምታስተዳድረው ትልቅ መደብር ውስጥ የገና አባት ሆኖ ይቀጠራል፤ አንዲት ሕፃን በጥፊ ይመታል፤ ይባረራል። ወደ ቤቱ የሚደርሰው ስጦታ በሚያመላልሰው መኪና ነው። መንገዱን ያሳየው ማሽኑ ሳይሆን የአዋቂዎቹ የዕለት ተዕለት ግርግር ነው፤ የማንዞር ብልኃትም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያውን እየዘለሉ ማየት

«ቀርፋፋ ነው» ብለው የመጀመሪያውን ክፍል በጣታቸው የሚገፉት አሉ። ፊልሙ ሲከፈት ቶማስ እንደ ራምቦ ታጥቆ፣ ፊቱን ቀብቶ ውሻውን በየክፍሉ ሲያሳድድ እናያለን። ወጥመዶቹ፣ የተደበቁት መተላለፊያዎች፣ ካሜራዎቹ ሁሉ የሚታዩት ያኔ ነው፤ ያኔ ግን ሁሉም ጨዋታ ነው። ያንን የዘለለ ሰው ኋላ ልጁ እነዚያኑ ነገሮች በእንባ ሲጠቀምባቸው «ይህን ደግሞ ከየት አመጣው?» ይላል። ስህተቱ የደራሲው አይደለም።

የሰውየውን በሽታ ስም መፈለግ

እብድ ነው? ልጅ እያለ ተጎድቶ ነው? ፊልሙ ታሪኩን አይነግረንም። ከመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች በአንዱ ልጆች መንገድ ላይ በረዶ ሲወራወሩ ሰውየው ሊቀላቀላቸው ይሞክራል፤ ልጆቹ ትተውት ይሄዳሉ። ስለ እሱ የተሰጠን ቁልፍ ይኸው ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ይህ ሰው መጫወት ይፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ገብቶ ቶማስን የሚፈልገው ድብብቆሽ እንደያዘ ልጅ ነው። እኛ «ኩኩሉ» ስንል «አልነጋም» የሚመልስልን ጓደኛ እንደነበረን ሁሉ፣ እሱም የሚመልስለት ይፈልጋል። ያደገ ሰው፣ ቢላ የያዘ ሰው፣ በልጅ ጨዋታ ሕግ ሲጫወት ነው የሚያስፈራው። ገዳዩን በሕክምና ቃል ሰይሞ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ተመልካች ይህን ፍርሃት ራሱ ያጠፋዋል።

የ2000ዎቹን ዓይነት ደም መጠበቅ

የፈረንሳይ ሆረር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከ2003 እስከ 2008 የወጡትን፣ «ኦት ታንስዮን»ንና «ማርቲርስ»ን የመሰሉ ጭካኔ የበዛባቸውን ፊልሞች ነው። ይህ ከእነሱ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀድማል፤ መንገዱም ሌላ ነው። ያንን ከፈለጋችሁ ያንን እዩ።

ልጁን በጀግንነቱ ብቻ ማጨብጨብ

ከሁሉም ስህተት የሚከፋኝ ይኼ ነው። ቶማስ ጎበዝ ነው፣ ቴክኒክ ያውቃል፣ አያቱን ይከላከላል፤ ስለዚህ በየወጥመዱ ማጨብጨብ ይመጣል። እናቱ የነገረችውን የረሳ ሰው ነው የሚያጨበጭበው። እናቱ ምን አለችው? የገና አባትን ተደብቀህ ልታየው ከሞከርክ ወደ ጭራቅነት ይለወጣል። ልጅ በጊዜ እንዲተኛ የሚባል ነገር ነው። እኛም ቤት «ተኛ፣ አያ ጅቦ ይመጣብሃል» ተብሎ ያላደገ ስንቱ ነው? የተናገረው አዋቂ በማግሥቱ ይረሳዋል።

ቶማስ ግን ሳይተኛ ቀረ። አየው። ያየውም ሰው ወዲያው ውሻውን ገደለ። እንግዲህ ነገሩን በልጁ ዐይን እዩት፦ ከደጅ የገባ ወንጀለኛ የለም፤ ያለው እሱ ቃል አፍርሶ ያመጣው ጭራቅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚዋጋው ጠላትን ብቻ አይደለም፤ «ይህ ሁሉ በእኔ ጥፋት ነው» ከሚል ሐሳብ ጋርም ነው። ስኳር በሽተኛ የሆነውን፣ አጥርቶ ማየት የተሳነውን አያቱን ከክፍል ክፍል ሲመራም ይህን ተሸክሞ ነው። ይህን ይዞ ያየ ሰው ወጥመዱ ሲሠራ ደስ አይለውም፤ ልጁ ፊት ላይ ደስታ አለመኖሩን ያስተውላል። የተወነው አላን ላላን የዳይሬክተሩ የራሱ ልጅ ነው፤ አባቱ ካሜራውን ከፊቱ የማያርቀው ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ብቻ «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቶማስን እዩት።

እናቲቱን ወቅሶ መገላገል

«በገና ዋዜማ ልጇን ትታ ሥራ የምትሄድ እናት!» ይላል አንዳንዱ። ጁሊ ባሏ የሞተባት፣ መደብሩን የምታስተዳድር ሴት ናት፤ ዋዜማው ደግሞ ለመደብር ከዓመቱ ሁሉ የከበደው ቀን ነው። ማታ ሠርቶ የሚያድር ወላጅ ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ፊልሙም አይፈርድባትም።

ይልቅ ተዋናይቷን ልብ በሉ። ብሪዢት ፎሴ ናት። ፎሴ ገና በአምስት ዓመቷ ገደማ በሬኔ ክሌማን «ዤ አንተርዲ» ላይ ተውናለች፤ በ1952 የወጣ ፊልም ነው። እዚያ ላይ በ1940 ከጀርመን ጦር ከሚሸሽ ሕዝብ መሐል እናትና አባቷን፣ ቡችላዋንም በአውሮፕላን ጥይት ያጣች ሕፃን ሆና ነበር። የፈረንሳይ ሲኒማ ካሳየን አደጋ ላይ ከወደቁ ልጆች ሁሉ ምናልባት ታዋቂዋ እሷ ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ውሻው ዐይኑ እያየ ለሚሞትበት ሌላ ልጅ እናት ሆና መጣች። ማንዞር ይህን አስቦበት መርጧት ይሁን አይሁን፣ ፈረንሳዊ ተመልካች ፊቷን ሲያይ ያቺን ሕፃን አለማስታወስ ይከብደዋል። እናቲቱን «ግድየለሽ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

በአንድ ስም ብቻ መፈለግ፣ ያገኙትን ቅጂ መክፈት

በፈረንሳይኛ ስሙ ካጣችሁት በ«ዴድሊ ጌምስ» ወይም «ዳይል ኮድ ሳንታ ክሎስ» ፈልጉት፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በሁለቱም ይጠራል። የታደሰውን ቅጂ ምረጡ፤ አብዛኛው ነገር የሚሆነው በጨለማና በሻማ ብርሃን ስለሆነ በደበዘዘ ቅጂ ግማሹ አይታይም። ድምፁም ፈረንሳይኛው ይሁን፤ የጽሑፍ ትርጉም ይበቃችኋል። የገና አባቱን የተጫወተው ፓትሪክ ፍሎርሼም ፈረንሳይ ውስጥ ከፊቱ ይልቅ በድምፁ የሚታወቅ ሰው ነው፤ የማይክል ዳግላስ ፊልሞች ወደ ፈረንሳይኛ ሲመለሱ ድምፁን ይሰጥ የነበረው እሱ ነበር። ያን ድምፅ በሌላ ሰው ተክቶ ማየት ተዋናዩን ለሁለት ከፍሎ የሚሻለውን ግማሽ መጣል ነው።